መሳቢያ ውስጥ የሚገባ ኪቦርድ

ሽቱ ዋኘው ማክሰኞ ጠዋት ከጠረጴዛዋ ላይ የቆያትን የመጀመሪያውን ረቂቅ ብትገልጠው የራሷን ስም አገኘችበት። «ወ/ሮ ሽቱ ዋኘው ባቀረቡት የሐኪም ማስረጃ መሠረት፣ በእጃቸው ላይ በደረሰው ሕመም ምክንያት የጽሕፈት ሥራ መሥራት የማይችሉ በመሆናቸው፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በመዝገብ ቤት ተመድበው እንዲሠሩ የተወሰነ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ከሥሩ «ዛሬውኑ ተጽፎ ለፊርማ ይቅረብ» የሚል ታክሎበታል። በዚህ መምሪያ ደብዳቤ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስለሌለ ጽፋ የምታቀርበው ራሷ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰውን ዕድገት፣ የሰውን ዝውውር፣ የሰውን ማስጠንቀቂያ ስትጽፍ ኖራ ዛሬ ተራው የእሷ ሆነ። ይህስ ባልከፋ፤ ዝውውር በማንም ላይ ይደርሳል። የከፋባት የእጅ ጽሑፉ ነው። ወደ ግራ ጋደል ያለው፣ ብዕሩን እየተጫነ የሚጽፈው ይህ እጅ፣ ልጅ ሆና በትውልድ መንደራቸው በጥርባ ሳሉ ፊደል ያስቆጠራት ሰው እጅ ነው። ይኸነው ዋኘው፤ የመምሪያው የድጋፍ ሥራዎች አስተባባሪ፣ በሰው ኃይሉም በግዥውም ላይ ፈራሚ፣ ታላቅ ወንድሟ።

የሐኪሙን ወረቀት ያመጣችው እሷው ናት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነበር። የቀኝ እጇ አንጓ ካበጠ፣ ጣቶቿም እየደነዘዙ እንቅልፍ ከነሷት ከርሟል። ሐኪሙ አገላብጦ አየና «እጇ ተሰቅሎ ስለሚሠራ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ምቹ ኪቦርድና ማውስ ቢገዛላት፣ እስከዚያው ጽሕፈት ብትቀንስ» ብሎ ጻፈላት። እሷም ወረቀቱን ኮፒ አድርጋ አንዱን ለግዥ፣ አንዱን ለሰው ኃይል አስገባች። ጥፋቷ ይህ ነው፣ ጥፋት ከተባለ። ግዥ የወረቀቱን መጀመሪያ አንብቦ ኪቦርድ ሊገዛላት ተነሣ፣ ሰው ኃይል ደግሞ መጨረሻውን አንብቦ እሷኑ ከወንበሯ ሊያነሣት ተነሣ። ሁለቱም ጉዳዮች የሚፈረሙት በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያም ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አላያቸውም። ኪቦርዱ ሲገዛ እሷ መዝገብ ቤት ናት። ምቾቱ የሚደርሰው ከመዝገብ ቤት መጥታ በወንበሯ ለምትቀመጠው ለቤዛዊት ነው። ቤዛዊትም ምን አጠፋች? በኮምፒውተር ተመርቃ ሳለች አቧራ የጠጣ ፋይል ስታገላብጥ ዓመት የሞላት ልጅ ናት። ሽቱ ግን መጻፍ ትወዳለች። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ የሚነገር ነገር አልመሰላትም። ባለጉዳይ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ደብዳቤው ከማተሚያው እንደሞቀ ሲወጣ፣ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥሽ» ሲላት ደስ ይላታል። መዝገብ ቤት ከገባች ይህ አከተመ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። እንጅባራ ሰኔ ከገባ ፀሐይ የሚባል ነገር ስለማይታይ ረፋድ ላይም አምፖል ይበራባታል። ጠረጴዛው ድሮ የስብሰባ አዳራሽ ዕቃ የነበረ፣ ቆሞ ለሚናገር ሰው የተሠራ የሚመስል ረጅም ዋንዛ ሲሆን ወንበሩ ደግሞ አጭር ነው። ጎረቤት መሥሪያ ቤት ሌባ ከገባ ወዲህ ኮምፒውተሩ በብረት ፍርግርግ ተከርችሞ ከግድግዳው ጋር ተበይዷል። የኪቦርዱ ሽቦ አጭር ስለሆነ ከጠረጴዛው ላይ ወዲህ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሽቱ የጽሕፈት መኪናውን ትታ ወደ ኮምፒውተር ከዞረች ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ ነው የጻፈችው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ አንዱን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ያስመታል። ከጠረጴዛው ሥር ግን፣ ከጭኗ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሰፊ መሳቢያ አለ። ኪቦርዱና ማውሱ እዚያ ውስጥ ቢቀመጡ እጇ ዝቅ ይላል። ሽቦ የሌለው ከሆነ ይቀመጣል። የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው። የግዥ ጥያቄውን ስትሞላ «ምቹ የሆነ ሽቦ አልባ ኪቦርድና ማውስ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ይኸነው «ምቹ የሆነ» የሚለውን በቀይ ሰርዞ ከጎኑ «ምቾት አይለካም» ብሎ መለሰላት።

ቢሮ ውስጥ «ወይዘሮ ሽቱ» ነው የሚላት፤ እሷም «አቶ ይኸነው»። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በዚያ ግቢ በቤታቸው ቋንቋ በአዊኛ አናግሯት አያውቅም። «ለእህቱ አደላ» እንዳይባል ሥልጠና ሲመጣ ስሟን ከመጨረሻ ይጽፋል፤ ጃንጥላና ቦት ጫማ ሲታደል ያረጀው የሚደርሰው ለእሷ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ ቤት ትበላለች። እዚያ «ጋሼ» ትለዋለች፣ ቋንቋውም የቤታቸው ቋንቋ ይሆናል፤ የሚናገር ከተገኘ ነው። የምታወራው ሚስቱ ማናለብሽ ብቻ ናት፤ ድንች ስንት ገባ፣ ከሰል ስንት ገባ፣ የግምጃ ቤት ከተማ ገበያ እንዴት ዋለ ትላለች። እሱ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ሬዲዮኑን ይከፍታል። ባለፈው እሑድም እንዲሁ ነበር። ይህን ረቂቅ ያኔ በልቡ ይዞት ነበር ማለት ነው። ሽቱ ይህን ስታስብ ረቂቁን አጥፋ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

የግዥ ሠራተኛው ደጉ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ ሲል ገና ሦስት ሰዓት ተኩል አልሞላም። ደጉ ለነገሩ ሁሉ የሚቸኩል፣ ልቡ ግን ቀና የሆነ ወጣት ነው። ሁለት ፕሮፎርማ ከእነናሙናቸው ከእንጅባራ ሱቆች ሰብስቧል፤ ሦስተኛው ከጠፋ ግዥው አይሟላም፣ በጀቱም በዚህ ወር ይዘጋል። ዳንግላ ሊሄድ ነው።

«እትዬ ሽቱ፣ እኔ ኪቦርድ ከኪቦርድ አልለይም» አለ። «አብረሽኝ ነይና አንቺው አሳዪኝ። ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ እንመለሳለን።»

ሽቱ ቤዛዊትን ጠርታ ወንበሯ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያም እጇ ላይ ጠቅልላ የምታስረውን የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ፈትታ በመሳቢያው ስፋት ዘረጋችውና ልክ ከጫፉ ሲደርስ ቋጠረችው። ቤዛዊት ግራ ገብቷት አየቻት። ሽቱ ምንም ሳትላት ቅዳጁን መልሳ እጇ ላይ ጠቀለለችና ወጣች።

ሚኒባሱ መናኸሪያ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ሞላና ተነሣ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወዲህና ወዲያ የመንገዱ ዳርና ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሮ ዝናብ እንዳይነካው ላስቲክ ለብሷል። ደጉ መንገዱን ሙሉ አወራ፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ሊያገባት ስላሰባት ልጅ፣ የልጅቱ አባት ፈረስ ያለውን እንጂ ደመወዝተኛን ሰው ብለው ስለማይቆጥሩ። ሽቱ በመስኮቱ ታያለች እንጂ አትሰማውም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ይኸነው ከጥርባ ወደ ከተማ ያመጣት ጊዜ ትዝ አላት። ያኔም አልጠየቃትም። አንድ ቀን ከተማ ካለው የትምህርት ቤት ሥራው መጣና አባታቸውን «ሽቱን ልወስዳት ነው፣ ትማር» አላቸው፤ በማግስቱ በእግር መንገድ ላይ ነበሩ። አልቅሳለች። ግን ያኔ ልክ ነበረ፤ ይህን አትክድም። ክፉው ነገር ያን ጊዜ ልክ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ ወዲህ መጠየቅ የሚባል ነገር አላስፈለገውም።

ዳንግላ ውስጥ ሁለት ሱቅ ገቡ። የመጀመሪያው ሻጭ ካርቶኑን ሊያስከፍታቸው አልፈቀደም፤ «የተከፈተ ማን ይገዛኛል» አለ። እውነቱን ነው፤ ሥዕሉን አይተው ወጡ። ሁለተኛው ዮናዳብ የሚባል ሰው ሱቅ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ዕቃውንም ይሸጣል። ከግድግዳው ላይ የጸሎት ቤታቸው የዘመን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፣ ከአንድ ጥግ መዝሙር በቀስታ ይሰማል። ሽቱ የፈለገችውን ስትነግረው ዕቃውን ከማሳየቱ በፊት የታሰረ እጇን አየ።

«የጽሕፈት ነው?» አላት። «ይገባኛል እህቴ። እኔም እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ኦርጋን እጫወታለሁ። አንጓ ከተሰቀለ ጣት አይታዘዝም። በሥዕል አይመረጥም፤ ይቀመጡና ይሞክሩት።»

ሦስት ዓይነት አወጣላት። አንደኛው ትልቅ፣ መሐሉ ጎበጥ ያለ፣ ከፊቱ ለእጅ ማሳረፊያ ትራስ የተሠራለት ነው፤ እጇን ስታሳርፍበት ደስታው እስከ ትከሻዋ ዘለቀ። ቅዳጁን ፈትታ ለካችው፤ ከቋጠሮው አንድ ስንዝር አለፈ። ዋጋውንም ሲነግራት ደጉ ብቻውን ሳቀ፤ ሺህ አራት መቶ ብር ነው። ሁለተኛው እንደ ሰሌዳ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ግን ቁልፎቹ ስለማይሰጥሙ ጣት ከጠንካራ ነገር ላይ ያርፋል፣ ቁጥር ቁጥሩም በቀኝ በኩል ተጨምሮበት ረዝሟል። እንጅባራ የተሰበሰቡት ሁለቱም ከዚህኛው ወገን መሆናቸውን ደጉ ካርቶኑን አይቶ ነገራት። ሦስተኛው ለዓይን አይሞላም። ጥቁር፣ አጭር፣ ቁጥሮቹን ከላይ ብቻ የያዘ፣ ወደ ኋላው ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ማውሱም መዳፍ ውስጥ ገብቶ የሚያርፍ ትንሽ ነገር ነው። አምስት መቶ ስልሳ ብር። ከማውሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣ ስትለካቸው ከቋጠሮው አውራ ጣት የምታህል ቦታ ተረፈ።

«ጭንዎ ላይ አድርገው ይጻፉበት፤ መሳቢያው እዚያ ነው ያሉት» አለ ዮናዳብ። ከኮምፒውተሩ ኋላ ጎንበስ ብሎ ነካ ነካ አደረገና የአማርኛ ጽሑፉን ከፈተላት።

ምን ልጻፍ ብላ አላሰበችም። ጣቶቿ ራሳቸው ጀመሩ። ቁልፎቹ ለስለስ ብለው ይሰጥማሉ፣ ድምፃቸውም የታፈነ ነው። ትከሻዋ ወርዷል፣ ክርኗ ጎኗን ይዟል፣ አንጓዋ ቀጥ ብሏል። ዓይኗን ከመንገዱ ላይ፣ በዝናብ ውስጥ ከሚሮጥ ባጃጅ ላይ አድርጋ ጻፈች፣ ጻፈች፤ እጇን እንዳላመማት ያስተዋለችው ግማሽ ገጽ ካለፈች በኋላ ነው። ስክሪኑን ብታይ ያ ረቂቅ ነው። «የጽሕፈት ሥራ መሥራት የማይችሉ በመሆናቸው» ብላ አንድም ግድፈት ሳታስገባ ጽፋዋለች። ዮናዳብ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አንብቦት ኖሯል።

«ይህን ማን ጻፈብዎት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ወንድሜ።»

ሽቱ አፍራ ጽሑፉን አጠፋችው፤ ዓይኗ እንባ ሲያቀርርም ፊቷን ወደ ካርቶኖቹ አዞረች። ደጉ ከደጅ «ሚኒባሱ ሊሞላ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ዮናዳብ ፕሮፎርማውን በጥድፊያ ሞልቶ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ፖስታ ውስጥ አሸገው፤ «ናሙናውን ይዛችሁት ሂዱ፣ አምናችኋለሁ» አለ። ሽቱ ኪቦርዱንና ማውሱን ካርቶኑ ውስጥ ከተተቻቸውና ሮጡ። ከኮምፒውተሩ ኋላ የተሰካ ነገር ይኖራል ብላ አላሰበችም። ሽቦ የለውም ተብሎ የለ፤ ሽቦ የሌለው ነገር ምኑ ይሰካል?

ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በይኸነው ቢሮ ተሰበሰበ። ይኸነው ሰብሳቢ፣ የንብረት ክፍሉ አቶ በዛብህ አባል፣ ደጉ ጸሐፊ። ሽቱ ናሙናውን ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ ቤዛዊትም ዕቃውን እንድታያይዝ ተጠርታለች። ፖስታዎቹ ተከፈቱ። ከእንጅባራ አራት መቶ ሃያና አራት መቶ ሃምሳ፣ ከዳንግላ አምስት መቶ ስልሳ። ይኸነው ሦስቱንም አሃዝ ያለ ስሜት አነበባቸው፤ እህቱን ቀና ብሎም አላያትም። ሁለቱ የእንጅባራ ናሙናዎች ተሞከሩ፣ ሠሩ። የዳንግላው አልሠራም። ቁልፉን ይመቱታል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ደጉ የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ መልሶ ከተታቸው፣ ምንም። አቶ በዛብህ ድንጋዮቹን ተቀብለው ከሸሚዛቸው ጋር አሻሿቸው፣ ምንም።

«እኔ እንግዲህ የማይሠራ ዕቃ ንብረት ብዬ አልመዘግብም» አሉ አቶ በዛብህ። «ውድቅ ይበል፤ በዝቅተኛው ዋጋ እንጨርስ። ዝናቡም እየከበደ ነው።»

ሽቱ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ቤዛዊት የማውሱን ሆድ ከፍታ አየች፣ ካርቶኑን ገለበጠች፣ ከዚያ «እትዬ ሽቱ፣ ሪሲቨሯስ?» አለች። «ጥፍር የምታህል፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፍላሽ የምትሰካ ነገር መኖር ነበረባት። ያለ እሷ አይሠራም።» ሽቱ ያኔ ዮናዳብ ከኮምፒውተሩ ኋላ ጎንበስ ማለቱ ትዝ አላት። በፕሮፎርማው ላይ ባለው ስልክ ደወለች፤ ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠና በሦስተኛው አገኘችው። «ወይኔ እህቴ! ከኋላ ተሰክታ ቀርታለች!» ሲል ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ተሰማ። «አሁን በሚነሣው ሚኒባስ ለረዳቱ እሰጠዋለሁ፤ መናኸሪያ ጠብቁት።»

ሁሉም ወደ ይኸነው አዩ። ይኸነው ሰዓቱን አየ፣ በቀይ የሰረዘውን የግዥ ጥያቄ አየ። ከዚያ «ስብሰባው ለአንድ ሰዓት ተቋርጧል» አለና ኮቱን አንሥቶ ወጣ። አቶ በዛብህ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ይህ ሰው ስብሰባ ሲያቋርጥ አይተው አያውቁም።

ሽቱ ነጠላዋን ተከናንባ መናኸሪያ ስትደርስ ወንድሟን እዚያው ቆሞ አገኘችው። ከትኬት ቢሮው በረንዳ ሥር፣ ከድንች ጆንያዎች አጠገብ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተፈናጥሮበት ቆሟል። ጃንጥላውን ዘረጋላትና ከሥሩ ገባች። ሁለት ሚኒባስ ከዳንግላ ገባ፣ ሁለቱም የሚጠብቁትን አልያዙም። ይኸነው ጉሮሮውን ጠረገና በቢሮው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ «ደብዳቤውን ጻፉት?» አላት።

«አልጻፍኩትም» አለች። «የአንተን እጅ የማላውቅ መሰለህ?»

ወደ ቤታቸው ቋንቋ ያሻገረችው እሷ ናት፤ እሱም ያለ ግድ ተከተላት። ቃሉ እየከበደው፣ ጆንያውን እያየ ተናገረ። በሚመጣው ዓመት አዲስ መዋቅር ይሠራል፤ የጤና ወረቀት ያስገባ ሠራተኛ ሁሉ ስሙ ተለይቶ ይጠየቃል። «መሥራት አትችልም» ተብላ ከሥራ ከምትወጣ አስቀድሜ መዝገብ ቤት ላስጠጋት፣ እዚያ ጽሕፈት የለም፣ እጇም ይድናል ብሎ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቢሮ ውስጥ እንዴት ብዬ? ለእህቱ ይመክራል እንዲሉኝ?»

«እሑድስ?»

ሽቱ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን ነገር አወጣችው። «እሑድም ዝም፣ ማክሰኞም ዝም። ጋሼ፣ ያዘንክልኝ መስሎሃል፤ አዝነህልኝም ይሆናል። ግን አልጠየቅከኝም። የምወደው ሥራ መጻፍ ነው፤ ከተማ አምጥተህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እጄ አልሞተም፤ ተሰቅሎ ነው ያመመው። ዛሬ ዳንግላ ጭኔ ላይ አድርጌ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፣ አላመመኝም። ምን እንደጻፍኩ ታውቃለህ? ያንኑ ደብዳቤ።»

ይኸነው ጃንጥላውን ወደ እሷ ገፋ ሲያደርገው የራሱ ትከሻ ላይ ዝናብ ወረደበት። ሦስተኛው ሚኒባስ ሲገባ ከእሷ ቀድሞ ሮጠ፤ በአምሳ ዓመቱ፣ በጭቃው ውስጥ፣ ረዳቱን በመስኮት እየጠራ። ረዳቱ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች ነገር አውጥቶ «አሥር ብር» አለ። ይኸነው ሳይከራከር ሰጠው። ወረቀቱን ሲፈታው ውስጡ ያለችው በቆሎ ፍሬ ብታህል ነው፤ መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አያትና ጨበጣት።

ሲመለሱ አቶ በዛብህ ቁልፋቸውን በጣታቸው እያዞሩ ነበር። ይኸነው ስብሰባው በሽቱ ክፍል እንዲቀጥል አዘዘ፤ ዕቃው የሚሠራው እዚያ ስለሆነ። ቤዛዊት ሪሲቨሯን በፍርግርጉ ቀዳዳ አስገብታ ሰካቻት፤ ደጉ አንድ ቁልፍ ነካ ሲያደርግ ፊደሉ ወጣ፤ «ተመስገን» አለ ከሁሉ ጮክ ብሎ። ሽቱ መሳቢያውን ሳበችው። አንደኛው የእንጅባራ ናሙና ጫፉ ጎኑን ነክቶ አልገባም፤ ሁለተኛውም ከማውሱ ጋር አልገባም። አቶ በዛብህ ያላመኑትን ነገር በራሳቸው እጅ ሞክረው አዩት። የዳንግላውን ለማስገባት ግን ሽቱ መጀመሪያ መሳቢያው ውስጥ ያለውን የታጠፈ ረቂቅ ማውጣት ነበረባት። አወጣችውና ጠረጴዛው ላይ፣ ወንድሟ ፊት አኖረችው። ኪቦርዱና ማውሱ ጎን ለጎን ገቡ።

ይኸነው ረቂቁን ሳይነካው ቆመ። ከዚያ እንደ ሰብሳቢ፣ አቶ በዛብህ እየሰሙ፣ «ወይዘሮ ሽቱ፣ ከሦስቱ የሚመችዎት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቃት። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጥያቄውን ቀላል ነገር አድርጎ ነው የሰማው። እሷ ግን ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ሁለቱን ረጃጅሞች በወጉ ሞከረቻቸው፤ የእንጅባራ ሱቆች ምን በደሏት። ከዚያ መሳቢያው ውስጥ እጇን አሳረፈችና «ይሄኛው» አለች።

ቃለ ጉባኤውን ይኸነው እየነገራት በዚያው ኪቦርድ ጻፈችው። «የዋጋ ልዩነት ቢኖረውም» አለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ነገ ሰው ምን እንደሚል እያሰበ መሆኑ ከፊቱ ይነበባል። «የዋጋ ልዩነት ቢኖረውም፣ ከሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ የሚገባው ይህ ብቻ በመሆኑ፣ የዕቃው ተጠቃሚም ተጠይቀው ምቹ መሆኑን ስላረጋገጡ...» ሽቱ የእሱን አፍ ሳትጠብቅ ሦስት ቃል ቀደመችው። «ተጠይቀው» የሚለውን ስትጽፍ ጣቷ ዘገየ፤ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስለ ራሷ ጽፋው የማታውቀው ቃል ነው። አቶ በዛብህ ፈረሙ፣ ደጉ ፈረመ፣ ይኸነው ብዕሩን ተጭኖ ፈረመ። ሁለቱ ተሰናብተው ወጡ። ቤዛዊትም ከእነሱ ጋር ልትወጣ ስትል ረቂቁን አየችው፤ የሽቱንም ስም ሳታነብበት አልቀረችም፣ አንገቷን ደፍታ አለፈች። የልጅቱ ነገር ሽቱን ከነካት ቆይቷል፤ ነገ በዚህ ክፍል ሁለተኛ ወንበር ይጠየቅላታል፣ ይህን በልቧ ያዘች።

ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ። ከደጅ የጥበቃው ሰው በሮችን እየዘጋ ይመጣል።

«ይሄስ?» አለች ሽቱ ረቂቁን በጣቷ ገፋ አድርጋ። «ዛሬውኑ ይቅረብ ይላል።»

ይኸነው ረቂቁን አነሣና እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ በዚያ ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዊኛ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት።

«አይጻፍ።»

ወረቀቱን አራት አጥፎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሽቱ መሳቢያውን ገፋችው፤ ኪቦርዱን ከነማውሱ እንደያዘ ሳይነካካ ተዘጋ። እጇ ላይ ያለውን ቅዳጅ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና አምፖሉን አጠፋች። በሩ ላይ ሲደርሱ ይኸነው ቆም አለ።

«እሑድ ትመጫለሽ?»

«የምታወራ ከሆነ» አለችው።